ቴስታታው ጅማ ደርሶ እስኪመለስ

የጎጀብን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጊምቦ የሚያወጣውን ዳገት ስንያያዘው የሙቀቱ መርፌ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር ይሄድ ነበር። አጎቴ አላዩትም፤ ከፊታችን ሲሚንቶ ጭኖ የሚንፏቀቀውን አይሱዙ የሚያልፉበት ቦታ እየፈለጉ ነው። «ጋሼ፣ ሞተሩ ሞቋል» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡ ዳር አወጡና አጠፉት።

ኮፈኑ ሲከፈት እንፋሎቱ ፊታችንን ለበለበው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ልጅ በጆግ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ሊረዳን ነው። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። «ቆይ ልጄ፣ ተባረክ። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ብረቱ ይሰነጠቃል። እዚያ ጥላው ሥር አስቀምጠው፣ ኋላ እንፈልገዋለን።»

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። የጎጀብ ሸለቆ ይሞቃል፤ የቦንጋን ጭጋግና ካፊያ ለለመደ ሰው ሌላ አገር ይመስላል። ብረቱ እጅ የሚያስነካ ሲሆን አጎቴ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ጠቅልለው ቀስ ብለው ከፈቱት። የልጁ ጆግ ሁለት ጊዜ ተመላልሶም አልሞላውም። ከመኪናው ሥር ግን አንድ ጠብታ አልነበረም። የራዲያተሩ ጎማዎች ደረቅ ናቸው፣ የውሃ ፓምፑም አያፈስም።

«ውሃው የት ሄደ?» አልኩ።

«እሱን ነው ሦስት ወር ራሴን የጠየቅሁት» አሉኝ። «በየሳምንቱ አንድ አንድ ሊትር እጨምር ነበር። ወዴት እንደሚሄድ ልቤ ያውቀዋል፤ ማመን ነው ያልፈለግሁት።»

መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ከፋብሪካ የወጣች፣ 4ኬ የሚባለው 1290 ሲሲ ሞተር ያላት። አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። የአክስቶቼ ሠርግ፣ የአያቴ ቀብር፣ እኔን ራሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ጅማ መናኸሪያ ያደረሰኝ ጉዞ፣ ሁሉም በእሷ ነው። ያን ዕለት ግን ቁልፉን ደግመው አላዞሩትም። አንድ ፒክአፕ በገመድ ጎትቶ ቦንጋ አስገባን። ብዙ ሰው ውሃ ሞልቶ፣ ትንሽ ነድቶ፣ እንደገና አፍልቶ ነው ቤቱ የሚደርሰው። ሊድን የሚችል ቴስታታ ሁለተኛ የማይጠገነው በዚያ ጉዞ ላይ ነው።

ጋራዥ የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሳያውቀው ጣልያንኛ ይናገራል። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ከካሚዮኖቹ ጋር የመጡና ካሚዮኖቹ ዝገው ካለቁ በኋላም የቀሩ ቃላት ናቸው። ቴስታታም ከዚያው ነው፤ «ቴስታ» ራስ ማለት ነው። ሞተሩ ከአንገቱ በላይና በታች ሁለት ቁራጭ ነው። ከታች ፒስተኖቹ የሚመላለሱበት ብሎኩ አለ፣ ከላይ ቫልቮቹንና ካንዴላዎቹን የያዘው ቴስታታ። በሁለቱ መካከል የሚተኛው ስስ ንጣፍ ጓርኒሲዮን ይባላል፤ ወጣቶቹ ጋስኬት ይሉታል። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው።

የዚህን ንጣፍ ሸክም ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። በአንድ በኩል ሙቀቱ ከ2000 ዲግሪ የሚያልፍ፣ ግፊቱም የምንተነፍሰውን አየር ግፊት ብዙ አሥር እጥፍ የሚሆን ነበልባል አለ። ከነበልባሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ ውሃ ያልፋል። ከውሃው አጠገብ ዘይት ያልፋል። ሦስቱም መገናኘት የለባቸውም፣ የሚለያያቸውም እሱ ብቻ ነው። ይህ ሳያንስ ከሥሩና ከላዩ ያሉት ብረቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የዲኤክስ ብሎክ ጊዛ የሚባለው ብረት ነው፣ ቴስታታው ደግሞ አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው ከጊዛ እጥፍ ገደማ ነው። አርባ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ቴስታታ ከጠዋት ቅዝቃዜ ተነሥተን ሰማንያ ዲግሪ ብናሞቀው ከሥሩ ካለው ብሎክ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ጓርኒሲዮኑ መኪናው በተነሣና በቆመ ቁጥር፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ መሳሳብ መካከል ይፋተጋል። ልኩን ካላለፈ ይችለዋል። ሞተሩ ሲፈላ ግን ቴስታታው ብሎኖቹ ከሚፈቅዱለት በላይ ሊለጠጥ ይታገልና ይቆለመማል። ከቀዘቀዘ በኋላም እንደተቆለመመ ይቀራል።

እዚህ ላይ የቦንጋ ከፍታ ይገባበታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 1700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ92። ጤነኛ ሞተር ራሱ ከ80 እስከ 90 ባለው ሙቀት ነው የሚሠራው። እንግዲህ በመካከላቸው የቀረችው ጥቂት ዲግሪ ናት። እሷን የሚያሰፋልን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ውሃውን አምቆ ይይዘዋል፤ እንደ ሽሮ ድስት ሳይሆን እንደ ፕሬሸር ኩከር። ክዳኑ 0.9 ባር የሚይዝ ከሆነ ቦንጋ ላይ ያለ ውሃ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ስፕሪንጉ ሲላላ ግን ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፣ በ94 መንተክተክ ይጀምራል።

አጎቴ ይህን ቦንጋ በገባን ማታ ወረቀት ላይ አስልተው አሳዩኝ። ከዚያ የራሳቸውን ክዳን አመጡና በአውራ ጣቴ እንድጫነው ሰጡኝ። እንደ ቅቤ ገባ። «ሰላሳ ዓመት ለልጆች ይህን አስተምሬ፣ የራሴን ክዳን አንድ ቀን አልጫንኩትም» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት እውነተኛ ሐዘን ነው።

ለምን አይሸጧትም የሚል ሰው አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በብዙ መቶ ፐርሰንት የሚቆጠር ታክስ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ ላሉት አሮጌ መኪኖች ተተኪ በቀላሉ አይገኝም፤ ያለችውን ማኖር ግዴታ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን እደግፋለሁ። ግን አንድን ጡረተኛ አስተማሪ ከቤት እስከ ጅማ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የምታደርሰው ዛሬ ይህች ዲኤክስ ናት። ስለዚህ እንዴት በትክክል እንደሚጠገን ማወቅ የትዝታ ጉዳይ አይደለም።

በማግስቱ ጎረቤት ያለው መካኒክ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የአጎቴ ተማሪ ነበር፣ ዛሬም «መምህር» እያለ ነው የሚጠራቸው። መፍቻ ከማንሣቱ በፊት የሞተር ዘይቱን ክዳን ከፈተ። ከክዳኑ ሥር ነጭ አረፋ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። «አለቀላት ማለት ነው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ብቻ አይፈረድም። ቦንጋ እርጥበት ነው፤ መኪና ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ ስትመላለስ ዘይቱ ሳይሞቅ እርጥበቱ እዚህ ይጠራቀማል። ስንት ሰው ይህን አይቶ ደህና ሞተር አስፈትቷል።» ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣ። እዚያም ላይ ዘይቱ ቡና በወተት መስሏል። ይህኛው ሌላ ነገር ነው፤ ዘይቱ ከሥር ድረስ ከውሃ ጋር ተገናኝቷል።

ቀጥሎ ያደረገውን ማንም ሰው ግቢው ውስጥ ሊያደርገው ይችላል። ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቃዛ ሳለ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞላው፣ ፓምፑ ውሃውን እንዳያናውጠው ቺንጋውን ፈታ፣ ክዳኑን ከፍቶ ተወውና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነሣ። ውሃው ገና ለብ ሳይል አረፋ ይተፋ ጀመር። ያ አረፋ ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ነው። ካንዴላዎቹን ሲፈታ የሁለተኛውና የሦስተኛው ጫፍ እንደታጠበ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ የአንደኛውና የአራተኛው ግን ጥላሸት ለብሰዋል። ውሃው የት እንደሄደ ያን ጊዜ ታወቀ። በሁለቱ መካከለኛ ሲሊንደሮች ገብቶ፣ እንፋሎት ሆኖ፣ በማርሚታ በኩል ለቦንጋ ጭጋግ ተጨምሯል።

ሸራ ተወጠረ፤ ካፋ ውስጥ በግንቦት ያለ ሸራ ሞተር መክፈት አይታሰብም። ባትሪው ተነቀለ፣ ውሃውና ዘይቱ በየባልዲው ወረደ። አጎቴ ባልዲዎቹን ራሳቸው ከድነው ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጡ። ወደ ቦይ የሚደፋ ብዙ ነው፣ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። የሞተር ዘይት ለመሬትም ለውሃም መርዝ ነው። የራዲያተር ኩላንት ደግሞ ይጣፍጣል፤ ውሻና ጥጃ ይልሱትና ይሞታሉ። ከግቢው አጥር በታች ያለው ቦይ ምንጭ ላይ ነው የሚወርደው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የካፋ ጫካና ጫካው የሚያጠራው ውሃ የሚጠበቀው በደን ጠባቂ ብቻ አይደለም።

ካርቡሬተሩ፣ ማኒፎልዱ፣ የቫልቩ መሸፈኛ፣ ሮከሮቹ ተራ በተራ ወረዱ። የ4ኬ ሞተር ካምሻፍቱ ከታች ብሎኩ ውስጥ ነው ያለው፤ ቫልቮቹን የሚገፉት ስምንት ረጃጅም ዘንጎች ናቸው። መካኒኩ አንድ የካርቶን ክዳን አምጥቶ ስምንት ቀዳዳ በሳበት፣ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፈ፣ እያንዳንዱን ዘንግ ሲያወጣ በየቁጥሩ ሰካው። ዘንጎቹ አርባ ዓመት ሙሉ እያንዳንዳቸው ከገዛ ጎረቤታቸው ጋር ተላምደው አልቀዋል፤ ቢቀያየሩ ሁለቱም ይጎዳሉ። ብሎኖቹም በየቦታቸው በሌላ ካርቶን ተሰኩ። ትልልቅ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሳህን ላይ ተዘርግፈው ያየኋቸው ስንት ጊዜ ነው!

የቴስታታ ብሎን ሲፈታ ከዳር ወደ መሃል ነው፤ በአንድ ጊዜም ሳይሆን መጀመሪያ ሁሉም ሩብ ዙር፣ ከዚያ እንደገና። ከአንድ ወገን ተጣድፎ ከተፈታ ጤነኛ ቴስታታ እንኳ ይጣመማል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሆነው ቀጥ አድርገው አነሡት። ጓርኒሲዮኑ ብሎኩ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ሁላችንም ጎንበስ አልን። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ያለው ስስ ድልድይ ከስሎ ተበልቷል፤ የጥፍር ያህል ቦታ ነው። በዚያች ጥፍር በምታህል ቦታ ነበር ይህ ሁሉ ውሃ ያለቀው። እኔ በዚህ ረክቼ ነበር፤ ጥፋቱ ተገኘ ብዬ። መካኒኩ ግን ቴስታታውን ገልብጦ የውሃ መተላለፊያዎቹን በጣቱ ይዳስስ ጀመር። ክብ መሆን የነበረባቸው ቀዳዳዎች ጥርስ እንደበላው ዳቦ ተቦርቡረዋል። «ይኸው፣ መምህር» አለ። «የወንዝ ውሃ።»

ካፋ ውሃ የሞላበት አገር ነው። መንገዱ ዳር ምንጭ የማይገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሾፌሩ ሁሉ ራዲያተሩ ሲጎድል ከዚያው ቀድቶ ይሞላል። ችግሩ ብርድ አይደለም፤ እዚህ ውሃ ሞተር ውስጥ በረዶ አይሆንም። «አገራችን በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርግልናል» የሚለው አባባል የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለኩላንት ከብርድ መከላከል አንዱ ሥራው ብቻ ነው። የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሉሚኒየሙ እንዳይበላ የሚከላከል ቅመም አለው። ባዶ ውሃ፣ ያውም ደለል ያለው፣ አሉሚኒየሙን ከዓመት ዓመት ይቦረቡረዋል። ቦርቡሮ ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ንጣፉ የሚይዘው ነገር ያጣል። ደለሉ ደግሞ የራዲያተሩን ቱቦዎች ይደፍናል። የዲኤክሷ ራዲያተር ሲወርድ ታችኛው ሲሶ ተደፍኖ ነበር። ቴርሞስታቱን ስንፈልግም ቤቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቀደም ሲል አንድ ባለሙያ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ጥሎታል። ሞተሩ ያለ ቴርሞስታት በቦንጋ ጠዋት ሙቀቱ ሳይሞላ ይሮጣል፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ዘይቱም እርጥበቱን ሳያደርቅ ይቀራል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ትኩሱ ውሃ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ተመልሶ ይገባል፤ ለማቀዝቀዝ ተብሎ የተጣለው ነገር ጭራሽ ያሞቃል።

ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የራሴ መኪና እንዲሁ አፍልታ አንድ ጋራዥ አስገባኋት። በአንድ ቀን አዲስ ጓርኒሲዮን ተገጥሞላት ወጣች። ቴስታታው ቀጥ ማለቱን የለካ የለም፣ ውሃው ለምን እንደፈላ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሁለተኛው ወር መንገድ ላይ እንደገና ፈላች፣ ያን ጊዜ ቴስታታው ተሰንጥቆ ነበር። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት የመጀመሪያው ጥገና ምንም ነገር አለመጠገኑን ነው። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም፤ በሽታው ክዳኑ፣ ራዲያተሩ፣ ውሃው ዘንድ ነበር። እነሱን ትቶ ንጣፉን ብቻ የለወጠ ሰው ለሁለተኛው ቃጠሎ ቀጠሮ ነው የሰጠው።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን መላጥ ራሱን የቻለ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዚያ ዘመን ጓርኒሲዮኖች አስቤስቶስ ያለባቸው ብዙ ናቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። መካኒኩ በደረቁ በሽቦ ብሩሽ ሊጀምር ሲል አጎቴ ከለከሉትና በውሃ አርሰው በእንጨት ፍላጭ አስላጡት፣ ፍርፋሪውን ሳይደርቅ በፌስታል ቋጠሩት። አፍንጫውንም በጨርቅ አሰሩለት። እንጨት የሆነበት ሌላም ምክንያት አለው፤ ብረት አሉሚኒየሙን ከጫረው ጭረቱ የነበልባል መንገድ ይሆናል።

ግቢ ውስጥ የማይሠራ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማቅናቱ።

መካኒኩ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ላይ አጋድሞ፣ በማስመሪያውና በቴስታታው መካከል ፊለር ጌጅ አስገባ። የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር የሚቀጥን። የ0.15ቱ ምላስ መሃሉ ላይ ያለ ችግር አለፈ። ስለዚህ በማግስቱ ገና ሳይነጋ እኔ ቴስታታውን በቡና ጆንያ ጠቅልዬ መናኸሪያ ተገኘሁ። ረዳቱ ጣራ ላይ ሊጭነው ሲል ጉልበቴ ላይ ይሁን አልኩት፤ ተቆጣ፣ ከዚያ ምንነቱን ስነግረው ሳቀና ከሾፌሩ ኋላ ቦታ ሰጠኝ። ጎጀብን በዚያ ሁኔታ፣ የመኪናዬን ሳይሆን የአጎቴን መኪና ራስ ታቅፌ፣ ተሻገርኩ። ሸቤን አልፈን ሰቃ ስንደርስ ጭኔ ደንዝዟል።

ጅማ ያገኘሁት ቶርኖ ቤት ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ቴስታታውን ገና ሳይለኩ በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አድርገው ድምፁን ሰሙት። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሶዳ አጥበው፣ ቀለም ቀብተው ስንጥቅ ፈለጉ፤ የለም። «ጠፍቶ ስለቆመ ነው የተረፈው» አሉኝ። የተበሉትን የውሃ ቀዳዳዎች ጠርዝ በአሉሚኒየም ብየዳ ሞሏቸው፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ አስረው ቀስ እያሉ ላጡት። «ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳልፍም» አሉ። ምክንያቱን የነገሩኝ ማሽኑ እየዞረ ነው፤ ቴስታታው በተላጠ ቁጥር ቤንዚኑ የሚታመቅበት ክፍል ይጠባል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ የላጩ ስስትም ለሚቀጥለው ጥገና ቁጠባ ነው። ማታ ላይ ስረከበው ፊቱ ውሃ ይመስል ነበር።

ጓርኒሲዮኑ ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ መጣ። ፖስታው ላይ ለ4ኬ ይላል። መካኒኩ ጽሑፉን አላመነም፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቦ ቀዳዳ በቀዳዳ አነጻጸረ፣ ከዚያ ብሎኩ ላይ አጋደመው። የ4ኬ ሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ5ኬው ደግሞ 80.5። በስሕተት የ5ኬው ቢገጠም የንጣፉ ብረት ቀለበት ከሲሊንደሩ ጠርዝ ርቆ ይቀመጣል፣ ነበልባሉም ክፍተቱ ውስጥ እየገባ ይልሰዋል። ይኸኛው ልኩ ሆኖ ተገኘ። የብሎኖቹ ጉድጓዶች አንድ በአንድ በጨርቅ ደረቁ። በጉድጓድ ውስጥ የቀረች ትንሽ ውሃ ወይም ዘይት ብሎኑ ሲጠብቅ መሄጃ ታጣና ብሎኩን ትሰነጥቃለች፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው። የብሎኖቹ ጥርስ ታጥቦ ዘይት ቀመሰ። ጓርኒሲዮኑ ላይ ግን ቅባትም ማስቲሽም አልተቀባም።

የቀረው ማጥበቅ ነው። የሠፈሩ አንድ ቶርክ ሬንች ሚዛን ከተማ ሥራ ላይ ነበር፤ በሳምንት ይመለሳል ተባለ። መካኒኩ እጁን ተመለከተ። «በእጄ አውቀዋለሁ» አለ። ብዙዎቹ በእጃቸው ነው የሚያጠብቁት፣ አንዳንዱም ይሳካለታል። አጎቴ ግን ተነሥተው ወጡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ የሚንጠለጠል ሚዛን ይዘው መጡ፤ ቡና ሰብሳቢዎች የእሸት ቡና የሚመዝኑበት ዓይነት፣ ከላይ እጀታ ከታች ሜንጦ ያለው።

ያኔ ነበር አስተማሪ ሆነው ያየኋቸው። እንደዚህ ላለ ሞተር የሚፈለገው 60 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ያ ማለት ከብሎኑ መሃል 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ለመፍቻው ቀጥ ባለ አቅጣጫ፣ 20 ኪሎ ያህል መሳብ ነው። መጀመሪያ ሚዛኑ ራሱ ተፈተነ፤ ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ቢጫ ጀሪካን አንጠለጠሉበትና የጀሪካኑን ክብደት ጨምሮ 21 ገደማ አነበበ። ከዚያ መፍቻው ላይ በቾክ 30 ሴንቲ ሜትር ምልክት ተደረገ፣ የሚዛኑ ሜንጦ ምልክቱ ላይ በሽቦ ታሰረ። መካኒኩ ይስባል፣ አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። ከመሃል ጀምሮ እየዞሩ ወደ ዳር፣ መጀመሪያ ሁሉም በ8 ኪሎ፣ ሁለተኛው ዙር በ14፣ ሦስተኛው በ20። «አቁም!» ሲሉ ያቆማል። ከመሃል የሚጀመረው ንጣፉ ተንሰራፍቶ ወደ ጠርዝ እንዲተኛ ነው። ሦስት ዙር የሆነበትም ምክንያት አለው፤ አንዱ ብሎን ሲጠብቅ የጎረቤቱ ጭነት ይቀንሳል።

እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ቡና አፍልታ ጠራችን። ማንም አልተነሣም። «ሚዛኑን ባለቤቱ ነገ ይፈልገዋል» አለች፤ አጎቴ ግን «አንድ ዙር ቀርቷል» ብቻ አሉ። አቦሉ ቀዘቀዘ፣ ደግማ አሞቀችው።

ዘንጎቹ ከካርቶኑ እየወጡ በየቁጥራቸው ገቡ። ቴርሞስታት ተገጠመ፣ በሽቦ የተጠረገው ራዲያተር ተመለሰ፣ አዲስ ክዳን ተገዛ፣ ንጹሕ ውሃና ኩላንት እኩል ተቀላቅሎ ተሞላ። አዲስ ዘይት ገባ፤ ያ ቡና በወተት የመሰለው ዘይት ውስጧ ቢቀር የክራንኩን መደገፊያዎች ይበላል። አፍንጫዋ ከፍ እንድትል የፊት ጎማዎቿን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አወጧት፣ አየር በራዲያተሩ አፍ እንዲወጣ። ሞተሪኖው ሁለት ጊዜ አጓራ፣ በሦስተኛው ተነሣች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው። መጀመሪያ ከማርሚታው ነጭ ጢስ ወጣ፤ በቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው፣ እየሳሳ ጠፋ። አጎቴ እጃቸውን የራዲያተሩ ላይኛው ጎማ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። ጎማው ቀዝቃዛ ነው። አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ድንገት ትኩስ ሆነ። ቴርሞስታቱ ተከፈተ። ራዲያተሩ አንድ ሁለት ትልልቅ አረፋ ተነፈሰና ዝም አለ፤ ውሃው አንድ ጣት ወረደ፣ ተጨመረ። ሞተሩ እንደሞቀ የቫልቮቹ ክፍተት ተስተካከለ፤ የመግቢያው 0.20፣ የመውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። ሚዛኑ ተጠርጎ ለባለቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ሩብ ጣት ጎደለ። በሦስተኛው ጠዋት አልተነቃነቀም።

በአራተኛው ቀን ወደ ጎጀብ ወረድን። አጎቴ እስከ ድልድዩ ዝም ብለው ነዱ፣ አዞሩና ዳገቱን ያዙት። መርፌው ከግማሽ በታች ቆሞ ቀረ። የዚያን ቀን የቆምንበት ቦታ ስንደርስ ዳር አወጡና ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ። ኮፈኑን ከፍተው ጎማውን ዳሰሱ፣ ጎንበስ ብለው ከሥር ተመለከቱ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ጥቂት ቆዩ። ከማዶ ያው ልጅ አየንና ጆጉን ሊያነሣ ዞረ። አጎቴ እጃቸውን አውለበለቡለት። «ዛሬስ አያስፈልገንም፣ ልጄ! እግዜር ይስጥልን!»

ኮፈኑን ዘጉ። «ግባ፣ እንሂድ» አሉኝ፤ ዝናቡ ከጊምቦ በኩል እየመጣ ነበር።